ሸሚዝ ማውለቅ፦ አክብሮት ነው ወይስ ፍተሻ?

የኮቺው ተማሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። ነገር ላምጣና ተከራከሩበት። ኬረላ፣ ደቡብ ህንድ፣ ስማር ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚማር ልጅ ከአባቱ ጋር ወደ አንድ ቤተ መቅደስ ሲሄድ ተከተልኩ። ሂንዱ ስላልሆንኩ ከበሩ እንደማላልፍ አውቃለሁ፤ ውጭ ሆኜ ለማየት ነው። አባትየው ሙንዱ አገልድመዋል። ሙንዱ ነጭ የጥጥ ሽርጥ ነው፤ የበዓሉ ዓይነት ጫፉ ላይ ወርቃማ ጥለት አለው። በሩ ጋ ሲደርሱ ሸሚዛቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ ጣል አደረጉና ባዶ ደረታቸውን ገቡ። ልጁ ግን «እኔ አላወልቅም» ብሎ እኔ ዘንድ ቀረ። አባቱ እስኪወጡ ሁለታችንም ጫማ ጠባቂ መስለን ተገተርን።

የአባትና የልጅ ጠብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2024 የመጨረሻ ቀን (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ቫርካላ ባለው የሲቫጊሪ ገዳም ዓመታዊ በዓል ላይ የገዳሙ አለቃ ስዋሚ ሳቺዳናንዳ «ወንዶችን በቤተ መቅደስ በር ሸሚዝ የማስወለቅ ልማድ ይቅር» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ምክንያታቸው፣ ማስወለቁ የመጣው ብራህሚኖች (የካህናቱ ወገን) ከግራ ትከሻ አግድም የሚያወርዱትን ክር ለማየት ነው፤ ክር የሌለው እንዳይገባ። መድረኩ ላይ የነበሩት የኬረላ ዋና ሚኒስትር ፒናራዪ ቪጃያን ደገፏቸው። ከሁለት ቀን በኋላ የናየሮች (የኬረላ አንድ የሂንዱ ወገን ናቸው) ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሱኩማራን ናየር ተነሡና «የየቤተ መቅደሱን ሥርዓት መንግሥት ምን ቤት ነው? የክርስቲያኑንና የሙስሊሙንስ ልማድ እንዲህ ደፍረው ይናገራሉ?» የሚል መልስ ሰጡ።

እናንተስ? ይቅር ወይስ ይቆይ?

ጋሽ መምህር፦
ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በንጉሡ ዘመን ሒሳብ ያስተማሩኝ የኬረላ ሰው ነበሩ፤ ያኔ ከህንድ የመጡት መምህራን ብዙዎቹ ከዚያው ናቸው። ክፍል ውስጥ ሱሪና ክራቫት፣ ቤታቸው ሽርጥ። ደግሞ ክርስቲያን ነበሩ። ስለዚህ ሽርጡን የሂንዱ ብቻ አታድርጉት፤ እዚያ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያገለድመዋል።

ወደ ቁም ነገሩ። እኛ ዘንድ ማደግደግ የሚባል ነገር ነበር። ሸማህን ከትከሻህ አውርደህ ትታጠቀዋለህ፤ ጌታ ፊት፣ ንጉሥ ፊት። እዚያ ተከናንቦ የሚቆም ባለጌ ነው። ለሹም ትከሻ ከተገለጠ ለአምላክ ሸሚዝ ቢወልቅ ምን ይገርማል? ባለጠጋውም ድሃውም ባዶ ደረቱን ሲቆም የማን ሸሚዝ ውድ እንደሆነ አይለይም። ይቆይ ባይ ነኝ።

የፒያሳዋ፦
ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር፤ ሸሚዙ ሲወልቅ ሀብቱ አይታይ ይሆናል፣ ክሩ ግን ይታያል። የስዋሚውም ነጥብ ይኸው ነው። በእኛ ያስቡት፦ በረኛ አንገትዎን ገልጦ ማተብ እየፈለገ ቢያስገባዎት ወይ ቢመልስዎት፣ ያንን ማደግደግ ይሉታል? የሚያደገድግ ሰው ራሱ ነው ሸማውን የሚያወርደው።

ደግሞ የደረትን ነገር በዚያ አገር ስታነሡ ተጠንቀቁ። በትራቫንኮር መንግሥት (የዛሬው ደቡብ ኬረላና የታሚል ናዱ ጫፍ) ዝቅተኛ ከሚባለው ወገን የሆነ ሰው ከፍተኛ ከሚባለው ፊት ደረቱን መሸፈን አይፈቀድለትም ነበር፤ ሴትም ጭምር። የናዳር ሴቶች «እንሸፈን» ብለው ከ1810ዎቹ ጀምሮ ታገሉ፤ ገበያ ላይ ልብሳቸው ተቀደደ፣ ተደበደቡ። በ1859 የማድራሱ የእንግሊዝ ገዥ ቻርልስ ትሬቬልያን በማሃራጃው፣ ማለትም በንጉሡ፣ ላይ ግፊት ሲያበዛ ነው አዋጁ የወጣው። ያም ሆኖ እንደ ላይኞቹ ሴቶች አድርገው እንዳይለብሱ ተብሎ ነው የተፈቀደው! ደረት መግለጥ ለበላይ የሚከፈል ግብር በነበረበት አገር «እኩል ያደርገናል» ማለት ይከብዳል።

ወንድይፍራው፦
የጡት ግብር ክፈይ ስትባል ጡቷን ቆርጣ የሰጠችው ናንጌሊስ? እሷን እንዴት ትረሻለሽ?

ጠበቃው፦
ናንጌሊን ተዋት ወንድሜ፤ ቼርታላ አካባቢ በአፍ የሚነገር ታሪክ ነው፣ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ አልተገኘለትም። የናዳሮቹ ግን አዋጅም ደብዳቤም ያለው ነገር ነው፤ እሱ ይበቃል።

እኔ ለሁለታችሁም አላደላም። የትራቫንኮር ቤተ መቅደሶች ለሁሉም ሂንዱ የተከፈቱት ኖቬምበር 12 ቀን 1936 በማሃራጃው አዋጅ ነው (እኛ ጣሊያን ከያዘን መንፈቅ ሲሆነን ማለት ነው)። ከዚያ ወዲህ ክር ያለውም የሌለውም ይገባል። ታዲያ ፍተሻው ቀርቶ ማውለቁ ብቻ ከቆየ፣ የቆየው ሥርዓት ነው ወይስ የፍተሻው ጥላ? ይህን ፍርድ ቤት አይመልሰውም። በ2016 ትሪቫንድረም ባለው በፓድማናባስዋሚ ቤተ መቅደስ የሆነውን እዩ። የአስተዳደሩ ኃላፊ ሴቶች በቹሪዳር፣ ማለትም ከላይ ቀሚስ ከሥር ጠባብ ሱሪ ለብሰው፣ እንዲገቡ ፈቀደ። ዲሴምበር ላይ የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሻረው፤ በአምልኮ ሥርዓት የመጨረሻው ቃል የዋናው ካህን የታንትሪው ነው አለ። እዚያው ኬረላ ያለው የጉሩቫዩር ቤተ መቅደስ ግን ከ2007 ጀምሮ ፈቅዷል። አንድ ክልል፣ አንድ ሃይማኖት፣ ሁለት በር።

የሸማኔ ልጅ፦
ማንም ስለ ጨርቁ አላነሳም፤ እኔ ላንሳ። ሳሪና ሙንዱ እንደ እኛ ጋቢ ከሽመና ዕቃው እንደወረዱ የሚለበሱ ናቸው፤ መቀስም መርፌም አልነካቸውም። ሳሪ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ያርድ የሚደርስ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው፤ አለባበሱ ነው ከአገር አገር የሚለየው። የማሃራሽትራዋ ባለ ዘጠኝ ያርዷን በእግሮቿ መካከል አሳልፋ ከኋላ ትሸጉጠዋለች፣ እንደ ሱሪ ትሮጥበታለች። ብዙ ሂንዱዎች ያልተሰፋ ልብስ ለአምልኮ ንጹሕ ነው ይላሉ። ሸሚዝ ደግሞ ስፌት ነው። እኔ እንደማየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ ክር ፍለጋ ብቻ አይደለም።

ትሪቫንድረም አጠገብ ባለራማፑራም የሚባል የሸማኔ ከተማ አለ፤ ወርቀ ዘቦ ጥለት ያለው የኬረላ ልብስ ከዋና መገኛዎቹ አንዱ እሱ ነው። የጥለታቸውን ፎቶ አባቴን ሳሳየው ጨርቁን ትቶ «ጠርዙን አየኸው? አልተጨማደደም» ብሎኝ ዝም አለ። ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የፒያሳዋ፦
ቆንጆ። ግን ስፌት ከከለከለ ሴቶቹ ከሳሪው ሥር የሚለብሱት ጉርድ ሸሚዝስ? ስፌት አይደለም እንዴ? ያም ጥንታዊ እንዳይመስልህ። ቤንጋል ውስጥ ሳሪን በሸሚዝና በውስጥ ቀሚስ መልበስን ያስፋፋችው የታጎር ቤተሰብ ምራት ኛናዳናንዲኒ ዴቪ ናት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቦምቤይ ኖራ ከተመለሰች በኋላ። ያ ስፌት ገብቶ ተቀመጠ፣ ማንም አልተናገረም። ፓድማናባስዋሚ ላይ ቹሪዳር ግን ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ሸፍኖ በር ላይ ይቆማል፤ ሴቶቹ ከላዩ ሙንዱ ጠምጥመውበት ነው የሚገቡት። ሳሪ እኮ ወገብን ያሳያል! ሕጉ መሸፈንም መግለጥም አይደለም፤ መልመድ ነው።

የሸማኔ ልጅ፦
እዚህ ላይ ረትተሽኛል። ስለ ጥለቱ ግን አልተረታሁም 😄

የአቡዳቢዋ፦
እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ልንገራችሁ። እዚህ አቡዳቢ በፌብሩዋሪ 2024 የተከፈተው ትልቁ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ጎብኚ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ተሸፍኖ እንዲመጣ ነው የሚያዘው። እንኳን ሸሚዝ ማውለቅ፣ ቁምጣም አይሞከርም። ይህኛው የጉጃራት ወገን የሠራው ነው። ኦዲሻ ውስጥ ያለው የፑሪ ቤተ መቅደስም ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ቁምጣና የተቀዳደደ ጂንስ ከልክሏል። ስለዚህ «የሂንዱ ሕግ እንዲህ ይላል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ «የየትኛው አገር ሂንዱ?» በሉት። የምሠራባቸው ቤት የኬረላ ሰዎች ናቸው፤ ሰውዬው ከሥራ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሱሪያቸውን ወርውረው ሽርጥ መታጠቅ ነው። ሲሞቃቸው እስከ ጉልበት ያጥፉታል። እናታቸው በቪዲዮ ሲደውሉ ግን፣ ከወገብ በታች እንደማይታይ እያወቁ፣ ወደ ታች ያወርዱታል። ሁሌ ያስቀኛል።

ጠበቃው፦
ሽርጡም በተራው ተዋርዷል እኮ። በ2014 ቼናይ ውስጥ አንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነጭ ሽርጥ ለብሰው ለመጽሐፍ ምረቃ ቢሄዱ አንድ ክለብ «ልብስዎ ደንባችንን አያሟላም» ብሎ በር ላይ መለሳቸው። ያንኑ ዓመት የታሚል ናዱ ምክር ቤት በአገር ልብስ የመጣን ሰው መከልከልን የሚቀጣ ሕግ አወጣ። ክለቡ ለምን ሱሪ አልታጠቅህም ይላል፣ ቤተ መቅደሱ ለምን ሱሪ ታጠቅህ ይላል፤ ያው በረኛ ነው።

ጋሽ መምህር፦
ጠበቃው፣ ክለብና የአምላክ ቤት አንድ አይደሉም። ክለቡ የቅኝ ገዥ ትርፍራፊ ነው። ቤተ መቅደሱ ለዘመናት የቆየ ነው፤ የቆየ ሁሉ ደግሞ ግፍ አይደለም። የፒያሳዋ ልጄ ስለ ናዳሮቹ ያነሳችው ግን ከብዶኛል፤ አላውቀውም ነበር። ተማሪው፣ የጓደኛህ አባት ምን አሉ? ዋናው ሰው እሳቸው ናቸው፣ እኛ ዝም ብለን እናወራለን።

የኮቺው ተማሪ፦
የጻፋችሁትን ለጓደኛዬ እየተረጎምኩ ሳነብለት አመሸሁ ጋሼ። ማደግደግን ወደደው፣ «እኛም አለን» አለ። የአቡዳቢዋ እንዳለችው፣ መንገድ ላይ ሽማግሌ ሲመጣ ጉልበት ላይ የታጠፈው ሙንዱ ይወርዳል። «አባቴ ለአያቴ የሚያወርደው ማንም ሳያዘው ነው። በሩ ላይ ግን ቆሞ የሚያይ ዘበኛ አለ። አባቴ ወዶ አውልቆ እንደሆነ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ፣ ምናልባት እሱም አያውቅ» አለኝ። አባትየውን ግን ደፍሮ አልጠየቃቸውም።

ጋሽ መምህር፦
ዘበኛውስ? ሸሚዝ ለብሶ ነው የሚቆመው?

የኮቺው ተማሪ፦
ውጭ ያለው አዎ ጋሼ። ከነኮሌታው።