የቢኤስዲ የጋራ ጥናት፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ሰብሳቢ፦ ወገን፣ የስምንት ሳምንቱ የጥናት ዕቅድ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። መነሻዬ ይኸው፤ ከቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ሦስቱን፣ ፍሪቢኤስዲን፣ ኔትቢኤስዲንና ኦፕንቢኤስዲን፣ ጎን ለጎን ጭነን እናወዳድር። የማይስማማ ይናገር።

የሰርቨር ሰው፦ አልስማማም። ሦስቱን አንድ ላይ ከጀመርን ስንጭንና ስናፈርስ ጊዜው ያልቃል። ዘራቸው እኮ አንድ ነው፤ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልጆች ናቸው። ፍሪቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ1993 ብቅ አሉ፣ ኦፕንቢኤስዲ በ1995 ከኔትቢኤስዲ ተገንጥሎ ወጣ። አንዱን በደንብ የያዘ ሌላው ጋ ሲሄድ አይደናገርም። በፍሪቢኤስዲ እንጀምር፣ ሃንድቡኩ ለጀማሪ ይመቻል።

አዲስ አባል፦ ሊኑክስ ለምደን የለ እንዴ? ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው?

የሰርቨር ሰው፦ ሊኑክስ ማለት ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ ነው፤ የቀረውን ዲስትሪቢዩሽኑ ከየቦታው ሰብስቦ ይሰጥሃል። ፍሪቢኤስዲ ላይ ግን ከርነሉም፣ መሠረታዊ ትእዛዞቹም፣ ማኑዋሉም የአንድ ቡድን ሥራ ናቸው። በኋላ የምትጭነው ደግሞ «ሎካል» የሚባል የራሱ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ይህችን ሳላውቅ ምን ሆንኩ መሰለህ? ሊኑክስ ላይ ለዓመታት የሠራልኝን የባክአፕ ስክሪፕት ገልብጬ አስነሳሁት። «አልተገኘም» አለኝ። ፋይሉ ዓይኔ ሥር ቁጭ ብሏል! ግማሽ ቀን በላኝ። ለካ የጠፋው ስክሪፕቱ ሳይሆን በመጀመሪያው መስመር የጠራሁት ባሽ፣ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ነው። ባሽ ከሲስተሙ ጋር አይመጣም። ጭኜውም አድራሻው ሌላ ሆነ፤ ሎካል ውስጥ ያለው «ቢን» የሚባል ፎልደር ነው። መስመሩን «ኤንቭ» የሚባለው ትእዛዝ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው አድርጌ ስጽፈው ሠራ።

ጸሐፊ፦ ይቺ የመጀመሪያው ሳምንት መልመጃ ትሁን። መልሱን ግን ማንም ቀድሞ እንዳይናገር። ሌላው ሐሳቤ፣ ኢንተርኔት ላይ ከመፈለጋችን በፊት «ማን» በሚለው ትእዛዝ ማኑዋሉን ማንበብ ግዴታ ይሁን። (የማን? እንዳትሉኝ።)

ገንዘብ ያዥ፦ ግዴታ ሲባል ሰው ይሸሻል። ማሽን መግዛትም አያስፈልግም፤ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተራችን ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ላይ ስናፕሾት፣ ማለትም የምንመለስበትን ቅጂ፣ እየያዝን እንደልባችን እናበላሽ።

አዲስ አባል፦ ኦፕንቢኤስዲ ቀረ ማለት ነው? እኔ የመጣሁት ለሴኩሪቲው ነበር።

የሰርቨር ሰው፦ አይቀርም። ሁላችንም ሰርቨር የምንገባበትን ኦፕንኤስኤስኤች የሠሩት እነሱ አይደሉ? መጨረሻ ላይ ፒኤፍ የሚባለውን ፋየርዎላቸውን እንይ። ፍሪቢኤስዲም ወስዶታል፣ ግን የሕጎቹ አጻጻፍ ዛሬ እንዳለ አይገጥምም። ማወዳደር ካማረን እሱ ይሻላል።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ተረታሁ። እስከ 6ኛው ሳምንት ፍሪቢኤስዲ ብቻ፣ በቨርቹዋል ማሽን፤ ዜድኤፍኤስ (የፋይል ሲስተሙ) እና ጄይል (ፕሮግራሞችን ለይቶ የሚያስኬደው) 5ኛና 6ኛው ላይ። የቀሩት ሁለቱ ለኦፕንቢኤስዲና ለፒኤፍ። ኔትቢኤስዲ ለሚቀጥለው ዙር። የማኑዋሉ «ግዴታ» ላይ ገና አልተስማማንም፤ እስከ ሐሙስ ማታ ድምፅ ስጡበት።