ከማስተማር ወደ መምራት ገባሁ፤ ከየት ልጀምር?
ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። 11 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ቆይቼ፣ አሁን የበርካታ ትምህርት ቤቶችን ሥርዓተ ትምህርትና የማስተማር ሥራ እንድመራ ተመድቤያለሁ። በጣም ጨንቆኛል።

ባለፈው ሳምንት ሁለት የ5ኛ ክፍል መምህራን ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጬ አየሁ። መጽሐፉም ምዕራፉም አንድ ነው። አንዷ ክፍልፋይን ልጆቹን ወረቀት እያሳጠፈች ታስረዳለች። ሌላው ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስገለብጣል። ፈተናው ደግሞ ስሌቱን ብቻ ነው የሚጠይቀው። የተጻፈው፣ የሚሰጠውና የሚፈተነው ካልተገናኙ ምኑን ልምራ?

መምህራኑ ክፍል ስገባ «ሊቆጣጠረን መጣ» ብለው ይደነግጣሉ። አለቆቼ ቶሎ ውጤት ይፈልጋሉ። ፈተናውን ላስቀድም ወይስ መምህራኑን ማገዝ? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት ተወጣችኋቸው? እባካችሁ ንገሩኝ።