ሲያስለኝ ሽንት ያመልጠኛል፤ እየታጠበ የሚያገለግል ነገር የምታውቁ?

የደሴዋ፦ ሰላም እህቶች። ሦስት ልጆች በምጥ ወልጃለሁ። ከመጨረሻዋ ወዲህ ሲያስለኝ፣ ሲያስነጥሰኝ፣ ጀሪካን ሳነሳ ሽንት ጠብ ይልብኛል። ሌሊት ደህና ነኝ። ሽንት መጣ ብዬም አልሮጥም፤ ሳላስበው ነው የሚያመልጠኝ። ቤታችን ዳገት ላይ ነው። ቧንቧ ሲጠፋ ውሃ ከታች ተሸክሞ መውጣት አለ። ፓድ በየቀኑ መግዛት ኪሴ አልቻለውም፤ ቆዳዬንም አሳከከኝ። እየታጠበ የሚደረግ የሲሊከን ነገር አለ ሲሉ ሰማሁ። ጓደኛዬ የወር አበባ ካፕ አላት፤ እሱ ይሆነኛል? ሶላትም አለብኝ፤ ውዱእ እየፈረሰብኝ ተቸግሬያለሁ።

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦ አብሽሪ እህቴ። ካፑን ተይው። ካፕ የወር አበባ ደም ማጠራቀሚያ ነው። ሽንት የሚወጣው ደግሞ ከብልት ከፍ ብላ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ነው። እና ውስጥ የገባ ነገር ሽንት አያጠራቅምም። ብዙ ሴት እዚህ ላይ ትሳሳታለች።

ለዚህ የሚሆነው ፔሳሪ ይባላል። የሲሊከን ቀለበት ነው፤ አንድ ጎኑ ላይ ወፈር ያለ እብጠት አለው። ብልት ውስጥ ሲቀመጥ እብጠቱ ወደ ፊት ይሆንና የሽንት ቧንቧውን ከሥር ይደግፈዋል። ስታስነጥሺ የሆድ ግፊት ቧንቧውን ቁልቁል ሊገፋው ሲል ድጋፍ ያገኛል። ሽንት ስትሸኚ ማውጣት አያስፈልግም።

ግን መጠኑ ብዙ ነው። በጣት ተለክቶ ነው የሚመረጠው። ካስገቡልሽ በኋላ ተራመጂ፣ ቁጢጥ በይ፣ እንደ ሳል አድርጊ፣ ሽንት ቤት ደርሰሽ ነይ ይሉሻል። ልክሽ ከሆነ መኖሩም አይታወቅሽም። ካመመሽ ወይም ሽንት አልወርድ ካለሽ ትልቅ ነው። ቁጢጥ ስትዪ ሹልክ ካለ ትንሽ ነው። ሳይለኩ ገዝቶ ማስገባት፣ ከሰው መዋስ የለም። ማህፀን ወይም ብልት አካባቢ ኢንፌክሽን ካለ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ካለ፣ መጀመሪያ እሱ ይታከማል።

የሐይቅ ልጅ፦ እኔ አለኝ። ሁሌ አላደርገውም፤ ገበያ ስወጣና ሥራ የሚበዛበት ቀን ብቻ ነው። አንድ እግሬን በርጩማ ላይ አድርጌ፣ ቀለበቱን እጥፍ አድርጌ አስገባዋለሁ፤ ውስጥ ሲደርስ ራሱ ይዘረጋል። ለማውጣት በጣቴ ጠልፌ ወደ ታች እስበዋለሁ። መጀመሪያ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ነርሷ እዚያው ደጋግሜ እንዳስገባና እንዳወጣ አደረገችኝ። አንቺም ይህን ሳትለምጂ ከክሊኒኩ አትውጪ።

ማታ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና አጥቤ፣ አለቅልቄ፣ አድርቄ አስቀምጠዋለሁ። በረኪና አይነካውም። ከባለቤቴ ጋር ስንሆንም አወጣዋለሁ። ፈሳሽ ትንሽ ይጨምራል፣ አትደንግጪ።

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦ ፈሳሹ ከሸተተ፣ ደም ካየሽ፣ ካመመሽ ግን አውጥተሽ ሐኪም ጋ ነው። የወር አበባ የቆመባቸው እናቶች ብልታቸው ስለሚደርቅ ቀለበቱ ሊልጣቸው ይችላል፤ ሐኪም የኤስትሮጅን ክሬም ያዝላቸዋል።

ወልድያ ነኝ፦ ቀለበት ለምትፈራ የጨርቅ ፓድ አለ። እኔ ሰፊ ጋ ነው ያሠራሁት። ከላይ ጥጥ፣ መሀል ደራረብ ያለ ፎጣ፣ ከሥር ውሃ የማያሳልፍ። ለወር አበባ ከሚሰፋው ወፈር ይበል፤ ሽንት በአንዴ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀለቀው። የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፣ መምጠጡን ይቀንሰዋል። ፀሐይ ላይ አስጡት። እኛ ሰፈር ሰው እንዳያይ ነጠላ ደርበውበት ያሰጣሉ፤ ታዲያ ፀሐዩ በየት በኩል ይግባ?

እማማ ከመርሳ፦ የወንድሜ ሚስት ምጥ ጠንቶባት ከወለደች ወዲህ ሽንቷ ቀንም ሌሊትም አይቆምም። ለሷም ይሆናል?

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦ አይ እማማ፣ እሱ ሌላ ነው። ቀን ከሌሊት የሚፈስ ከሆነ ፌስቱላ፣ ማለት ከፊኛ ወደ ብልት የተከፈተ ቀዳዳ፣ ሊሆን ስለሚችል ቀለበት እንዳይሞክሩላት። ቶሎ ሐኪም ይያት። ባህር ዳር የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል አለ፣ ሕክምናው በነፃ ነው።

የደሴዋ፣ ቀለበቱን ብታገኚም ባታገኚም የጡንቻ ስፖርቱን ጀምሪ። ሐኪሞች ኬግል ይሉታል፤ አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም በ1948 በፈረንጆቹ ያስተዋወቀው ነው። ፈስ እንደሚይዝ ሰው ወደ ላይ ስብ አድርገሽ ያዢና ልቀቂ። ሆድና ቂጥ አይጨመቅም፣ ትንፋሽ አይያዝም። ቢያንስ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ሳሉ ሊመጣ ሲል፣ ጀሪካኑን ከማንሳትሽ በፊትም ቀድመሽ ስብ አድርጊ። ውሃ መጠጣት እንዳታቆሚ፤ ሽንት ሲወፍር ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ የሆድ ድርቀትም ያመጣል፤ ድርቀት ደግሞ ሽንት ቤት ማማጥ ነው፣ ማማጡ ሽንቱን ያባብሰዋል።

የሐይቅ ልጅ፦ ቡና ስታፈዪ አድርጊው፤ አቦል እስኪፈላ ማን ያውቅብሻል!

ኡሙ ልጆች፣ ከሚሴ፦ ስለ ሶላቱ፦ ሽንቱ የማያቋርጥለት ሰው ወቅቱ ሲገባ ለየሶላቱ ውዱእ እያደረገ ይሰግዳል። ያንቺ እያቋረጠ የሚመጣ ስለሆነ ሰፈርሽ ያሉትን ሸህ ጠይቂ። ማፈር የለም፣ ስንቱን ሰምተዋል።

የደሴዋ፦ አላህ ይስጣችሁ። የጨርቁን ነገ አሠራለሁ፤ ቀለበቱን ሐኪም ጋ ሄጄ እጠይቃለሁ። ግን ወንድ ሐኪም ቢደርሰኝስ?

የሐይቅ ልጅ፦ ካርድ ስታወጪ ሴት ሐኪም ወይም ሴት አዋላጅ አለች ወይ በይ። ከሌለችም ሰው ይዘሽ መግባት ትችያለሽ፤ እኔ እህቴን ይዤ ነው የገባሁት። ስትሄጂ ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ ምርመራው ይቀልሻል።