በአንድ እጁ ለሚጫወት ልጅ የፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) ጆይስቲክ እንዴት ይስተካከላል?

የማሙሽ እህት
ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ 13 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል የሰውነትን እንቅስቃሴ በደንብ እንዳያዝ የሚያደርግ ችግር) አለበት፤ ግራ እጁ ደህና ነው፣ የቀኙ ጣቶች ግን አይታዘዙለትም። ፊፋ፣ የእግር ኳሱ ጌም፣ ነፍሱ ነው። ሰፈራችን ጌም ቤት ሲሄድ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና በግራ አውራ ጣቱ ተጫዋቹን ያስሮጣል። ለመምታት ሲፈልግ ያንኑ ጣት አንስቶ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ እስኪደርስ ኳሷ ተነጥቃለች። ባለፈው ቅዳሜ 7 ለ 0 እየተሸነፈ ሳለ ተራ የሚጠብቁት ልጆች «ለሌላ ሰው ልቀቅ» አሉት። ቤት መጥቶ ራት ሳይበላ ተኛ። አንጀቴን በላው። ያገለገለ ፒኤስ 4 ገዛሁለት። ልዩ ጆይስቲክ የግድ ነው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?

ጌመር ከጀሞ
እህቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ሴቲንጉን ነካኪው። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ በተን አሳይንመንትስ (የቁልፎቹን ሥራ መቀየሪያ) ግቢ። ማቀበያዋን ኤክስን ከኤል 1፣ መምቻዋን ክቧን ከኤል 2 ጋር አቀያይሪያቸው። ሁለቱም ግራ እጁ ጣቶች ስር ይገባሉ፣ አውራ ጣቱ ከማስሮጫው አይነሳም። ቅያሪው ግን ለፊፋ ብቻ አይደለም፣ ሜኑው ላይም ኤክስ የምትሠራውን ኤል 1 ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፣ እንዳትደነግጪ።

አበበ ዲሲ
በአደጋ ቀኝ እጄን ካጣሁ 6 ዓመት ሆነኝ። እኔ የምጫወተው በኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር ነው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ለአካል ጉዳተኞች የወጣው ጆይስቲክ። ከላይ መዳፍ የሚያካክሉ ሁለት ቁልፎች አሉት፣ ከኋላው 19 መሰኪያ ተደርድሯል። አንዱ ላይ የእግር መርገጫ ሰክቼ በእግሬ ነው የምመታው። መጀመሪያ በእግሬ ጎል ያገባሁ ቀን አልቅሻለሁ። ግን 100 ዶላር ገደማ ነው፣ መርገጫው ለብቻው ይገዛል፣ ለፒኤስ 4ም አልተሠራም። ሶኒ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው አክሰስ የሚባለው ተመሳሳይ ጆይስቲክም ለፒኤስ 5 ነው። ከውጭ ላምጣልሽ የሚል ሰው ካለ ይህን ሳታጣሪ እንዳትከፍዪ።

የናቲ እናት
የእኔ ልጅ ኦቲዝም አለው፤ የሚያስቸግረው እጁ ሳይሆን ጩኸቱ ነው። የደጋፊውን ድምፅና ኮሜንታተሩን ከኦዲዮ ሴቲንግ ዜሮ አደረግሁ፣ የጆይስቲኩንም ንዝረት አጠፋሁ። ጆሮውን ይዞ የሚነሳው ልጅ አሁን ሙሉ ጨዋታ ይጨርሳል። ከፊፋ ሌላ ሴለስት የሚባለውን ጌም ሞክሪለት፤ አሲስት ሞድ (ጨዋታውን ማቅለያው) ውስጥ የጌሙን ፍጥነት በግማሽ መቀነስ ይቻላል።

የማሙሽ እህት
እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ትናንት ማታ ቀየርነው። 3 ለ 1 አሸነፍኩት፣ ግን አንዷን በኤል 2 ከሳጥን ውጪ መትቶ ነው ያገባብኝ፤ ሪፕሌዩን አራቴ አሳየኝ። የቀረችው ማፍጠኛዋ አር 2 ናት። ኤል 3 ላይ፣ ማለትም ማስሮጫው ራሱ ወደ ታች ሲጫን፣ ላድርጋት?

ጌመር ከጀሞ
ኤል 3ን እየተጫኑ ማስሮጥ አውራ ጣት ያደክማል። ቀስቶቹን የማይጠቀምባቸው ከሆነ የግራዋን ቀስት ሞክሪ፣ ካልደረሰላት ግን ያለ ማፍጠኛ በማቀበል ይጫወት። ቅዳሜ ጀሞ ከሆናችሁ ይዘሽው ነዪ፣ አብረን እናየዋለን።