አስቸኳይ፦ የአባቴ ታክስ በእኔ ምክንያት ሪጀክት ተደረገ፤ ፔል ግራንቴስ (የማይመለስ የመንግሥት የትምህርት ድጋፌ) ይቆረጣል?

የሜሪላንዱ ተማሪ፦
ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ማክሰኞ ኤፕሪል 15፣ 2025 ታክስ ለመላክ የመጨረሻው ቀን ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ታክሴን በስልኬ ሞልቼ 412 ዶላር ተመልሶልኛል። አሁን አባቴ የራሱን ሲልክ የእኔ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሌላ ፎርም ላይ ገብቷል ብሎ መለሰበት። ከታክሲ ሥራ እንደገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጧል። እኔ ሠርቼ ስለማገኝ ዲፔንደንት (በቤተሰብ የምተዳደር) አይደለሁም ብዬ ነው የሞላሁት። በ2024 ያገኘሁት 10,800 ዶላር ነው። ፋፍሳዬም (የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻዬ) ይበላሻል?

እናት ዓለም፦
ልጄ፣ ሥራውን ተወው። በሠራህ ቁጥር ከፔልህ ይቀንሱብሃል። አባትህ ሌሊት የሚነዳው አንተ እንድትማርለት ነው። ትምህርት ካመለጠ አይገኝም፣ ሥራ የትም አለ።

ጋሻው፦
ሲስተሙ ተጨናንቆ ይሆናል፣ ደግሞ ይላከው።

ታክስ ሠራተኛዋ፦
ስንት ዓመትህ ነው? ሙሉ ጊዜ ነው የምትማረው? ቤት ኪራይና ምግብ ማን ይችላል?

የሜሪላንዱ ተማሪ፦
20፣ አዎ፣ አባቴ።

ታክስ ሠራተኛዋ፦
እንግዲያው የአባትህ ዲፔንደንት ነህ። ከ24 ዓመት በታች የሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ደመወዝ ስላለው ብቻ ከቤተሰቡ ፎርም አይወጣም፤ የሚታየው ከግማሽ በላይ ወጪህን ራስህ መቻልህ ነው። በ2024ቱ 1040 (ዋናው የታክስ ፎርም) የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ሌላ ሰው ዲፔንደንት ሊያደርግህ ይችላል» የሚለውን ሳጥን ሳትነካው አልፈሃል። የማረሚያ ፎርሙን 1040-ኤክስ ሙላና አስተካክለው። 412ቱን አትመልስም፤ በዚህ ገቢ ሳጥኑ ቢሞላም የፌዴራል ታክስህ ዜሮ ነው።

አባትህ ደግሞ አይአርኤስ (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ በራሱ ስም አይፒ ፒን (ማንነቱን የሚያረጋግጥ የምስጢር ቁጥር) አውጥቶ መልሶ ይላከው፤ ከ2025 ጀምሮ በዚያ ይቀበላሉ። ካልሆነለት አትሞ፣ ፈርሞ፣ ማክሰኞ ሳያልፍ ፖስታ ቤት ይስጥና ደረሰኙን ይያዝ። ኮሌጁ የሰጠህን የትምህርት ክፍያ ፎርም 1098-ቲ ስጠው፤ ለትምህርት ክፍያህ እስከ 2,500 ዶላር የሚደርሰውን ክሬዲት (የታክስ ቅናሽ) መጠየቅ የሚችለው እሱ ነው።

ጋሻው፦
እኔ ግን ደግሞ ይላከው ነው የምለው። ለእኔ በሦስተኛው አልፎልኛል።

ታክስ ሠራተኛዋ፦
ወንድሜ፣ ያለ ፒኑ መቶ ጊዜ ቢልከው ይመለሳል። ቁጥሩ አንዴ ገብቷል።

የቨርጂኒያዋ፦
እትዬ እናት ዓለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጁን አያስፈራሩት። እኔ አራቱንም ዓመት ካፌ እየሠራሁ ነው የተማርኩት። በ2025–26 ፋፍሳ ከተማሪ ገቢ እስከ 11,510 ዶላር ድረስ አይቆጥሩም፤ ከዚያ የሚያልፈውን ነው ግማሹን የሚይዙት። የ2024 ገቢህ ደግሞ የሚታየው በ2026–27 ፎርም ነው፣ ስለዚህ አሁን ያለህን ፔል አይነካውም። ራስህን ከአባትህ ታክስ ፎርም ስላወጣህም ፋፍሳ ላይ ራስህን የቻልክ አትባልም፤ የወላጅ ገቢ ይጠየቃል። ሰዓት መጨመር ከፈለግህ ካምፓስ ውስጥ ወርክ ስተዲ (መንግሥት የሚደግፈው የተማሪ ሥራ) ጠይቅ፤ ያ ገቢ ከስሌቱ ይወጣል።

እናት ዓለም፦
ይህን አላውቅም ነበር፣ ተባረኪ። ልጄ፣ አባትህ ግን እራት በልቷል?

ታክስ ሠራተኛዋ፦
ፒኑ ወጣ? ማንነት ማረጋገጫው ላይ መንጃ ፈቃዱን ፎቶ አንሳ ሲለው አግዘው፣ ብዙ አባቶች እዚያ ጋ ነው የሚቆሙት።

የቨርጂኒያዋ፦
ዛሬ ሰኞ ነው። ምን ደረሳችሁ?