ግሪንች ሳይወጣ መጽሐፉን ላንብብለት ወይ?

የሁለት ልጆች እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ገናን ስለሚሰርቀው ነጭናጫ ፍጡር የሚተርከው የኢሉሚኔሽን ስቱዲዮ አኒሜሽን ግሪንች እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2018 ሲኒማ ይገባል። የስድስት ዓመቱ ልጄ ማስታወቂያውን ካየ ወዲህ ፋታ ነስቶኛል። ፊልሙ የተሠራበትን የዶክተር ስዩስን የልጆች መጽሐፍ አስቀድሜ ላንብብለት ወይስ ፊልሙ እንዳይበላሽበት ልተወው? ልጁ ትንሽ ፈሪ ነው፤ ሌሊት እንዳይቃዥብኝም ሰግቻለሁ።

ተረት አንባቢ
እህቴ፣ አንብቢለት! ያውም ዛሬ ማታ። መጀመሪያ "አረንጓዴው የታለ?" ማለቱ አይቀርም። በ1957ቱ መጽሐፍ ግሪንች አረንጓዴ አይደለም፤ ሥዕሉ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ብቻ ነው። አረንጓዴ ያደረገው የካርቱን ዳይሬክተሩ ቸክ ጆንስ ነው፣ በ1966 ለቴሌቪዥን ሲሠራው።

እኔን የሚያሳስበኝ የአዲሱ ፊልም ርዝመት ነው። የ1966ቱ 26 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ለዚያውም ዘፈን ተጨምሮበት። አሁን ያንኑ ታሪክ ሰዓት ተኩል ሊያስኬዱት ነው። በምን ይሞሉታል? በልጅነት በደል ነዋ! የጂም ኬሪው የ2000 ፊልም ይህንኑ አደረገ፤ ትምህርት ቤት ተሳለቁበት፣ ስለዚህ ከፋ። መጽሐፉ ግን ምክንያቱን በውል የሚያውቅ የለም ይላል። ጫማው ጠቦት ይሆናል፣ ይልቁንም ልቡ ሁለት ቁጥር አንሳ ይሆናል። አለቀ። ያለ ምክንያት የሚነጫነጭ ጎረቤት ልጆችም ያውቃሉ፤ ማብራሪያ አይፈልጉም።

ትንሿ ሲንዲ ሉ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ። ሌሊት ተነስታ ግሪንችን የገና ዛፋችንን ለምን ትወስዳለህ ትለዋለች። እሱ ዓይኑን ሳያሽ "አንዱ መብራት አልበራ ብሎ ነው፣ ጠግኜ እመልሰዋለሁ" ይላታል። ራሷን ዳበስ አድርጎ፣ ውኃ አጠጥቶ ወደ አልጋዋ ይልካታል። ከዚያ ዛፉን ይዞ እብስ! እንዲህ ያለ ውሸታም ያስቃል እንጂ አያስፈራም።

ፖፕኮርን
ወንድሜ፣ ሳታየው አትፍረድ። ፖላር ኤክስፕረስም ከአጭር የሥዕል መጽሐፍ ነው የተሠራው። በ2004 ፊልም ሲሆን ባቡሩን በበረዶ ላይ አንሸራተቱት፣ ቶም ሃንክስን ስንት ሰው አድርገው አጫወቱት። ልጆቼ እስካሁን አልጠገቡትም።

ተረት አንባቢ
እሱ ሌላ ነው፤ ጉዞ ይረዝማል፣ ባቡሩ ብዙ ቦታ ያልፋል። እነዚሁ ኢሉሚኔሽኖች በ2012 የዶክተር ስዩስን ሌላ መጽሐፍ፣ ሎራክስን፣ ምን እንዳደረጉት ግን አትርሳ። ዛፉን የሚጨፈጭፈው ሰውዬ በመጽሐፉ ፊቱ አይታይም፣ እጁ ብቻ ነው የሚታየው። ማንም ሊሆን ይችላል፤ የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። ፊልሙ ጊታር የሚመታ ቆንጆ ወጣት አደረገው። ለግሪንችም የፈራሁት ይህንኑ ነው። ትኬት መቁረጤ ግን አይቀርም።

የሁለት ልጆች እናት
አነበብኩለት። በሲንዲ ሉ ሳቀ። ግሪንችን ቅንጣት አልፈራም፣ የጨነቀው ስለ ውሻው ነው። ግሪንች አጋዘን ለማስመሰል ያሰረበት ቀንድ ማክስን ያመዋል ወይ እያለ አላስተኛኝም።

ፖፕኮርን
በክር የታሰረ ነው፣ አያምም በይው። ግሪንች የሚያስጎትተው ጋሪ ነው የሚያሳዝነው!