የመፈለጊያ ሳጥን ወይስ ሜኑ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ወደ 600 የሚጠጉ የዕቃ አጠቃቀም መመሪያዎች ያሉበት ድረ ገጽ እየነደፍኩ ነው። አለቃዬ «ሜኑውን አጥፋውና ትልቅ የመፈለጊያ ሳጥን አድርግ» ይለኛል። እርግጥ የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰንም በ1997 እ.ኤ.አ. ከተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፍለጋን እንደሚያስቀድሙ ጽፎ ነበር።

ግን ስድስት ሰዎች ሲጠቀሙ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። የዕቃውን ስም የሚያውቁት ጽፈው ወዲያው አገኙ። የማያውቁት ግን ባዶው ሳጥን ፊት ግራ ተጋቡ። ምን ብለው ይጻፉ? አስታውሶ ከመጻፍ አይቶ መለየት ይቀላል። አንዷ «አይሠራም» ብላ ጻፈች፤ ምንም ውጤት አልመጣላትም። በጣም አዘንኩ። መመሪያው እኮ እዚያው ነበር!

ሜኑውም ችግር አለበት። ምድቦቹን የሰየምነው በራሳችን የሥራ ክፍሎች ስም ነው፤ ለውጭ ሰው ትርጉም አይሰጡም። ካርድ ሶርቲንግ (ተጠቃሚዎች ርዕስ የተጻፈባቸውን ካርዶች ራሳቸው በመሰላቸው መንገድ የሚመድቡበት ሙከራ) ልሠራ አስቤ ነበር፣ ጊዜው ግን አጠረብኝ።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ታስቀድማላችሁ? ፍለጋው ባዶ ሲሆን ምድቦቹን ባሳይስ? ሰዎች የጻፏቸውን የፍለጋ ቃላት አይቶ ሜኑ ያስተካከለ ካለ፣ ከየት እንደጀመረ ቢነግረኝ ትልቅ ውለታ ነው።